ተኝቶ የተገኘው ቁም ሳጥን

1986 ዓመተ ምሕረት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ መጋዝና መሮ ግን ነበረኝ። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ሰው ገድሏል ተብዬ አራት ቀን ሙሉ ሰፈሩ አወራብኝ።

ይህን ያስታወሰኝ የልጄ የሜሮን መጽሐፍ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በረንዳ ላይ ተቀምጣ እያነበበች ብቻዋን ትስቃለች።

«ምን ያስቃል?» አልኳት።

«አባዬ፣ ሰው ተገድሎ ጎረቤቶቹ ገዳዩን ይፈልጋሉ። አንዷ አሮጊት መንደሩን በሙሉ ሰስፔክት አደረገችው።»

«ሰው ሞቶ ነው የምትስቂው?»

«መጽሐፍ ነው እኮ!»

«እኛም ፈልገናል» አልኳት። «ያውም ተጠርጣሪው እኔው ነበርኩ፣ ፈላጊውም እኔው።»

መጽሐፉን ዘጋችና ነገሩን እስከ መጨረሻው አስወራችኝ። ከዚያ «ይሄንንማ ጻፈው» አለች፤ ቀጥላም «ግን አትችልም፣ ትሰለቻለህ» አለች። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው። እርሳስ ለእኔ ከጆሮ ጀርባ የሚሰካ ነገር ነው። ነገር ግን አትችልም የተባልኩትን ትቼ አላውቅም፤ ደብተር አስገዛኋት።

ያኔ ቤቴ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው የአፈር መንገድ ዳር ነበር። የፊተኛው ክፍል መሥሪያዬ ነው። በር እሠራለሁ፣ አልጋ እሠራለሁ፣ ሰው ሲሞትም የሬሳ ሳጥን እሠራለሁ። የኋለኛዋን ክፍል ለማርታ አከራይቻት ነበር። ማርታ ጉርድ ሾላ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ጴንጤ ናት፤ አትጠጣም፣ አትምልም፣ ሰው አታማም። የወንጀል መጽሐፍ ግን መገናኛ ካሉት አከራዮች እየተከራየች በሁለት ቀን አንድ ትጨርሳለች። ያንን ኃጢአት አትቆጥረውም ነበር።

ከአጥሬ ወዲያ ጋሽ ወልዴ ይኖሩ ነበር። ጡረታ የወጡ ዘበኛ ናቸው፤ በር በገቡ ቁጥር ጎንበስ የሚሉ ረጅም ሰው። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም። በግቢያቸው ያለው አንድ ቀይ ውሻና አንድ ትልቅ ባህር ዛፍ ነው። ጠባችን በዛፉ ነበር። ዛፉ ወደ እኔ አዘንብሎ ቅርፊቱን ቆርቆሮዬ ላይ ይጥላል፤ ክረምት ሲሆን ቅጠሉ አሸንዳዬን ይደፍናል። ቅርንጫፉን ልቁረጥ እላለሁ፣ «ዛፉ አንተ ሳትመጣ ነበረ፤ ጎረቤት የመረጥከው አንተ ነህ እንጂ እሱ አይደለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እውነት ስለሆነ ነው የበለጠ የሚያናድደኝ።

በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ ነገሩ ተነሣ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጋሽ ወልዴ «ይህ አናጢ ቆርቆሮው ከሚያረጅ ሰው ቢሞት ይመርጣል» ብለው አሳቁብኝ። እኔም ደሜ ፈላ። እርስዎ ማለቱን ትቼ አንተ አልኳቸው።

«አንተ ምን አለብህ! ነገ ብትሞት ተዝካርህን የሚያወጣልህ ሰው የለህ! ሳጥኑን ግን አትስጋ፣ እኔ በነፃ እሠራልሃለሁ!»

መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ወጡ። መልስ ቢሰጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ «እንደምን አደርክ» ብለው ብቻ ያልፉኝ ጀመር። ይቅርታ ልጠይቅ ሦስቴ አጥሩ ድረስ ሄጄ ሦስቴ ተመልሻለሁ። ግትርነት እንዲህ ነው፤ እግር ይሄዳል፣ አፍ እቤት ይቀራል።

ሁለት ሳምንት አለፈና አንድ ማክሰኞ ጋሽ ወልዴ ጠፉ። በራቸው በቁልፍ ተዘግቷል። ረቡዕም አልታዩም። ሐሙስ ጠዋት እትዬ አስካለ እኔ ቤት ብቅ አለች። እትዬ አስካለ የእድሩን ዕቃ የምትጠብቅ፣ ከዕቃው ጋር የሰፈሩን ወሬም የምትጠብቅ ሴት ናት። ስለ ጋሽ ወልዴ ልትጠይቀኝ ነበር የመጣችው። ግን መሥሪያዬ ውስጥ ዓይኗን ጣል አድርጋ «ውይ በሞትኩት!» ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ተመለሰች።

ያየችው ቁም ሳጥን ነበር። ማርታ ለልብሷ ያሠራችው ነው። በሩ ገና አልተገጠመም፤ መሬት ላይ በጀርባው አጋድሜው ጎኑን በመላጊያ እልግ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን ሰፈሩ በሙሉ «አናጢው ተሰማ የወልዴን ሳጥን ሠርቶ ጨርሷል» አለ። ከሰዓት በኋላ ከፖሊስ ጣቢያ ሃምሳ አለቃው መጣ። ለጣቢያው አዲስ ነው፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው፤ እትዬ አስካለ ከኋላው ተከትላለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቁም ሳጥን ነው።»

«ቁም ሳጥን ከሆነ ለምን ተኛ?»

«ጌታዬ፣ ቁም ሳጥን ሲሠራ ተኝቶ ነው። የሚቆመው ሲያልቅ ነው።»

«የማን ነው?»

«የማርታ።»

«ማርታማ አጭር ናት» አለች እትዬ አስካለ። «ይሄ የረጅም ሰው ነው።»

ሃምሳ አለቃው ሳጥኑን በስንዝር ለካው። እድር ላይ ያልኩትን እየቆጠረ ጠየቀኝ፤ አንዱንም አልካድኩም። «እንግዲህ ስማ» አለኝ፣ «ሬሳ ስላልተገኘ አሁን አልወስድህም። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ሰውየው እስከዚያ ካልተገኙ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ።»

ጣቢያው አስፈርቶኛል፤ አልዋሽም። ሰው ገድሏል ተብሎ የተወሰደን አናጢ ነጻ ቢወጣም በር ሥራልኝ የሚለው የለም። ከዚያ የባሰ ግን ሌላ ነገር በልቤ ነበር። ሽማግሌው በእኔ ቃል አዝነው ራሳቸውን አጥፍተው ቢሆንስ? እንጦጦ ገደል አያጣም። እንደዚያ ከሆነማ ሃምሳ አለቃው አልተሳሳተም፤ ገዳዩ እኔ ነኝ።

ማርታ ከሥራ ስትመለስ ሁሉን ነገርኳት። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«አንተ አልገደልክም?»

«ማርታ!»

«መጠየቅ አለብኝ። በመጽሐፍ ሁሌም አከራዩ ነው» አለችና ወደ ጋሽ ወልዴ ግቢ ገባች። እኔም ተከተልኳት። ዙሪያውን ስንፈልግ ደጃፉ ላይ፣ በደረጃው ድንጋይ ጫፍ፣ የደረቀ ቀይ ነገር አየን። ከዚያ ወደ ውጪው በር ሦስት ቦታ ጠብ ጠብ ብሏል። ማርታ ተንበረከከች። በፀጉር ሽቦዋ ፈቅፍቃ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተተችው።

«ደም ነው» አለች ቀስ ብላ። «ማስረጃ ነው፤ እንዳትነካው።»

«ውሻውስ የት ሄደ? ጌታው ሞቶ ውሻ ደጅ አይለቅም» አልኳት።

«ውሻውንም ገድለውት ይሆናላ!»

«ማነው የሚገድል?»

«እሱን ነው የምንፈልገው» አለችኝ፣ እንደ አላዋቂ እያየችኝ።

አርብ የሰፈሩን ሰው ጠየቅን። የሚጠየቀው ሰው ሁሉ መልሶ እኔን ይጠይቀኛል። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጋሽ ወልዴ የነፍስ አባት ወደ አባ ኃይሌ ሄድን። አባ ኃይሌ ጃንጥላቸውንና መስቀላቸውን ይዘው መንገድ ሊወጡ ነበር። መስቀል ተሳለምኩ፤ ማርታ ራቅ ብላ እጅ ነሣች።

«አባ፣ ጋሽ ወልዴ ጠፍተዋል። የሚያውቁት ነገር ካለ?» አልኩ።

«ልጄ፣ ካህን የነፍስ ልጁን ነገር አያወራም። አደራ ነው።»

«እሺ በሕይወት አሉ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ቄሱ ትንሽ አሰቡ። ለማያወራ ሰው ዝምታ ይበቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ችኮላ ላይ ነበሩ። «አንተ አትጨነቅ። ነገ እንጦጦ በላይኛው መንደር እህታቸው ግቢ ተዝካራቸው ነው፤ እዚያው እንጸልይላቸዋለን። እኔም አሁን ወደዚያው ነኝ» ብለውኝ ሄዱ።

አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተዝካር ምንድን ነው?» አለች ማርታ። እነሱ ዘንድ የለም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጴንጤ ቤት ያደገች ናት።

«ሰው ሲሞት በአርባ ቀኑ ለነፍሱ ተብሎ የሚደገስ ነው» አልኳት።

«ስለዚህ ሞተዋል።»

«ሞተዋል።»

ማርታ ጣቷን መቁጠር ጀመረች። «ቆይ እንጂ፤ ማክሰኞ ነው የጠፉት። ነገ ስድስተኛ ቀናቸው ነው። አርባው የታለ?»

መልሱንም ራሷ አገኘችው። «ቄሱ ያውቃሉ፣ እህትየዋም ታውቃለች። ቶሎ ብለው ደግሰው ነገሩን ሊደፍኑት ነው። ተሰማ፣ ነገ ሄደን በዓይናችን እናያለን!» አለች። እኔ ማየት አልፈለግኩም። መቅረቱን ግን የባሰ ፈራሁ።

እሑድ ማለዳ ወጣን። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ፀሐዩ ግን የጠራ ነው። አደይ አበባው ገና አላለቀም፣ የመንገዱ አፈር ደርቆ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎብጠው እየሮጡ ይወርዳሉ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ባህር ዛፉ ይሸታል። አሁን እዚያ አስፋልት ገብቶ ሰው በመኪና እየወጣ ፎቶ ይነሣል፤ ያኔ ትንፋሽ ያለው ብቻ ነው የሚደርሰው። ማርታ በቢሮ ጫማዋ ናት፤ አንድ ቦታ ላይ ተንሸራተተችና ቦርሳዋ ተከፈተ። የክብሪት ቀፎው ሲወድቅ ቀለብኩት፤ ግማሹ መዳፌ ላይ ተበተነ።

«ማስረጃው!» ብላ ጮኸች።

እኔ ግን ሽታው አፍንጫዬን ነካው። አሸተትኩት። ደግሜ አሸተትኩት። ከዚያ ምላሴን አስነካሁት።

«አንተ! የሰው ደም ትልሳለህ?»

«ማርታ» አልኳት፣ «ይሄ ድልህ ነው።»

በርበሬው ምላሴን አቃጠለኝ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ሳይቀር ይታወቃል። እዚያው ገደሉ ጥግ ቆሜ እንደ ሳንቃ አንድ በአንድ አጋጠምኩት። ሰው ድልህ በዕቃ ይዞ ከወጣ ድግስ ሄዷል። ውሻው የጠፋው አጥንት ያለበት ተከትሏቸው ነው። ተዝካሩም አርባ ቀን ያልጠበቀው የሚቆጠርለት ሞት ስለሌለ ነው። አባቴ ያወራ ነበር፤ ድሮ ልጅ የሌለው ሰው የኋላዬን ማን ያስብልኛል ብሎ በሕይወቱ ሳለ ራሱ ይደግስ ነበር። ካህኑ ይጸልያል፣ ድኻ ይበላል፣ ባለቤቱም አብሮ ይበላል። የቁም ተዝካር ይባላል። እኔ የጥንት ባላባት ነገር ይመስለኝ ነበር።

«የቁም ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ማርታ፣ የቁም ነው! አልሞቱም!»

ቅጠል የተሸከመች ሴት ቆማ አየችን። ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ማርታ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር የተከተለችኝ።

ዳሱ ከሩቅ ይታያል። ጣሪያው የባህር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ውስጡ ካህናትና የመንደሩ ድኾች ተደርድረዋል። ቀዩ ውሻ በሩ ላይ አጥንት ይግጣል፤ ቀና ብሎ አይቶኝ እንደ ዘመድ ጅራቱን ቆላና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከአባ ኃይሌ ቀጥሎ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከሁሉ በአንድ ራስ የሚበልጡት ሟቹ ተቀምጠዋል። ጉርሻ በእጃቸው ነው።

«ተሰማ?» አሉ። «ማን ጠራህ?»

«ማንም አልጠራኝ። ሞተዋል ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ለተዝካር ባዶ እጅ አይመጣም። ምን ይዘህ መጣህ?»

ማርታ የክብሪት ቀፎዋን ዘረጋች። «ደምዎን» አለች።

ጋሽ ወልዴ ከፍተው አሸተቱና እህታቸውን ተጣሩ። «አንቺ! ከሰፈሬ ባልቴት አምጣልኝ ያልሽኝ ድልህ ክዳኑ አይገጥምም ብዬሽ አልነበር? ይኸው መንገድ ለመንገድ አንጠባጥቤው መርማሪ መጣብኝ!»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ አልሳቅኩም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና፣ ሦስት ጊዜ ከአጥሩ የመለስኩትን ነገር አወጣሁት። «ጋሼ፣ አፌ ነው የበደለዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «ያልከው እውነት ነበር» አሉኝ። «የሚያወጣልኝ የለም። ነገሩ እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ ታዲያ ለምን ራሴ አላወጣውም አልኩ። ከሰፈር ማንንም አልጠራሁም፤ ጉድ ይሉኛል ብዬ። ሳልጠራው የመጣ አንተ ነህ።» ቀጥለው ጉርሻውን ወደ አፌ አመጡ። በርበሬው ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ማርታ ግን እጇን ሰብስባ ተቀምጣለች። «እኔ ይቅርብኝ ጋሼ። እኛ ለሞተ ሰው የተደገሰ አንበላም።»

«እኔ መቼ ሞትኩ?» አሏት።

ማርታ አሰበች። ታይፕ ላይ ፊደል እንደምትፈልግ ሰው ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። ከዚያ እጇን ታጠበች፤ ከእኔም የበለጠ በላች።

ስንበላ ስለ ሃምሳ አለቃው፣ ስለ ሰኞ ጠዋት፣ ስለ ሳጥኑ አጫወትናቸው። «እና ቁም ሳጥን ነው ስትል አላመነህም?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ፤ «ተሰማ፣ እድር ፊት ሳጥንህን በነፃ እሠራለሁ ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«እንግዲህ የቁም ተዝካር ላወጣ ሰው የሚገባው የቁም ሳጥን ነው!»

አባ ኃይሌ ሳይቀሩ ጠላቸው ትን አላቸው። ወደ ማርታ ዞርኩ። «የእኔ ልብስ ሚስማር ለምዷል» አለች። «ሌላ ትሠራልኛለህ። ደግሞ በእኔ ልክ አድርገው፤ እትዬ አስካለ እንዳትጠራጠር።»

በዚያው ከሰዓት አራታችን፣ ውሻው ተጨምሮ፣ ወደ ሰፈር ወረድን። እትዬ አስካለ ደጇ ላይ ጤፍ ታበጥር ነበር፤ ጋሽ ወልዴን ስታይ «በስመ አብ!» ብላ ሰፌዱን ጥላ ገባችና በሩን ቀረቀረች። «አስካለ፣ ገና ነኝ!» ብለው ጮኹላት።

ጋሽ ወልዴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። በልጄ መጽሐፍ ውስጥ መጨረሻ ላይ ገዳይ ይገኛል፤ እኛ ያገኘነው ሟቹን ነው፣ ያውም አጎረሰን። እውነተኛው ቀን ሲመጣ ሌላውን ሳጥን ሠራሁላቸው፤ ያንንም በነፃ። አርባቸው ሲደርስ የሰፈሩ ሰዎች «ተዝካሩ ተበልቷል፣ አንተም በልተሃል» ቢሉኝም እምቢ ብዬ ደገስኩ። ዛፉን እስከ መጨረሻው አላስቆረጡኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ማርታ አግብታ ወደ ቀበና ከሄደች ቆይታለች፤ አሁንም አንዳንዴ ትደውልና «ምን የጠፋ ሰው አለ?» ትለኛለች። ዛሬም ክፉ ቃል አፌ ላይ ሲመጣ ያ ድልህ ምላሴን ያቃጥለኛል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ያስቆመኛል።

ያኔ ግን፣ ከቁም ተዝካሩ በማግስቱ፣ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ የቁም ሳጥኑን በር ገጠምኩ። ፀሐይ ስትወጣ ሃምሳ አለቃው እንዳለው መጣ፤ ባዶ እጁን ከሚመለስ ብዬ አንዱን ጫፍ አስያዝኩት። ማርታ ከፊት እየመራችን በጋሽ ወልዴ በር ጎንበስ ብለን አስገባነው። «ሟቹ የታሉ?» አለ ሃምሳ አለቃው። «ጫማዬን እያሰርኩ ነው» አሉ ከውስጥ። ሳጥኑን በግድግዳው ልክ አስጠግቼ፣ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ሸጉጬ፣ በሁለት እጄ ቀና አደረግኩና አቆምኩት።